ሮብ በሮው እና የሁለገብ ተጫዋች ዋጋ

የአውስትራሊያው የራግቢ ሊግ ውድድር ኤንአርኤል ለ2026 የውድድር ዘመን የተጠባባቂ ወንበሩን ከአራት ወደ ስድስት ተጫዋች አሳድጎታል። አሰልጣኙ ስድስት ተጠባባቂ ያስመዘግባል፤ ከእነዚህ ውስጥ ወደ ሜዳ ማስገባት የሚችለው ግን አራቱን ብቻ ነው። ላይ ላዩን ሲታይ ትንሽ ማሻሻያ ይመስላል። ነገር ግን በዚህ ስፖርት ውስጥ ለዓመታት ሥር የሰደደ አንድ የሥራ ድርሻ አለ፤ ብዙውን ጊዜ 14 ቁጥር ለብሶ ወንበር ላይ የሚቀመጥ፣ ማንም ቢጎዳ የዚያን ሰው ቦታ የሚሸፍን ሁለገብ ተጫዋች። ይህ ሰው የተፈለገው ወንበሩ ጠባብ ስለነበረ ነው። አራት ቦታ ብቻ ሲኖር ሦስቱን ለግዙፎቹ የመሃል ሜዳ ተጫዋቾች ሰጥቶ አንዱን ለሁለገቡ መተው የአብዛኞቹ አሰልጣኞች ስሌት ነበር። ወንበሩ ስድስት ከሆነ ግን ለየቦታው የራሱን ሰው መያዝ ይቻላል። ታዲያ ሁለገቡ ተጫዋች ከእንግዲህ ምን ሊሠራ ነው?

ስድስቱ ወንበር ሁለገቡን ከሥራ ያስወጣዋል ብለው የሚሰጉ ብዙ ናቸው፤ እኔ ግን ስጋቱ የቆመበትን ሐሳብ አልቀበለውም። ሐሳቡ ሁለገብ ተጫዋችን እንደ መለዋወጫ ዕቃ ይቆጥረዋል፤ ዋናው ሲጎድል የሚገባ፣ ዋናው ካለ የማያስፈልግ አድርጎ። ይህ አመለካከት ምን ያህል እንደሚያሳስት ለማየት የእንግሊዙ ክለብ ሊድስ ራይኖስ ተጫዋች የነበረውን የሮብ በሮውን የተጫዋችነት ዘመን መከታተል ይበቃል። በሮው በ2024 በ41 ዓመቱ ሲያርፍ እንግሊዝ ያዘነችለት በያዘው የነርቭ ሕመም ላይ ባሳየው ጥንካሬ ምክንያት ነበር፤ ይገባዋልም። የሕመሙ ታሪክ ግን የሜዳውን ታሪክ ሸፍኖታል። ሜዳው ላይ የሠራው ሥራ ዛሬ በወንበሩ ዙሪያ ለሚነሣው ክርክር በቂ መልስ አለው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ራግቢ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በ15 ሰው የሚካሄደውን ራግቢ ዩኒየንን ነው። ሊግ ከእሱ የተገነጠለው በ1895 ሲሆን የመገንጠሉም ምክንያት የቀን ገቢ ነበር። የሰሜን እንግሊዝ ማዕድን ቆፋሪዎችና የፋብሪካ ሠራተኞች ቅዳሜ ለጨዋታ ብለው ከሥራ ሲቀሩ ደመወዛቸው ይቆረጣል። ክለቦቻቸው የተቆረጠውን ለመካስ ፈቃድ ቢጠይቁም ማኅበሩ ጨዋታው የአማተሮች ነው ብሎ ከለከለ። ከሃያ በላይ ክለቦች በሀደርስፊልድ ከተማ ጆርጅ ሆቴል ተሰብስበው የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ። ስፖርቱ ዛሬም በእንግሊዝ በዋናነት የእነዚያ የማዕድንና የፋብሪካ ከተሞች ስፖርት ነው። በሮው የተወለደው ፖንቲፍራክት፣ ያደገው ደግሞ ካስልፎርድ ነው፤ ሁለቱም የድንጋይ ከሰል አካባቢዎች ናቸው።

በሊግ ሜዳ ላይ የሚሰለፈው 13 ሰው ነው። ኳስ የያዘው ቡድን ስድስት ጊዜ እስኪጣል ድረስ ማጥቃት ይችላል። የተጣለው ተጫዋች ይነሣና ኳሱን በእግሩ ወደ ኋላ ያንከባልላል፤ ተከላካዮቹም በዚያች ቅጽበት አሥር ሜትር ወደ ኋላ ማፈግፈግ አለባቸው። ከተጣለው ሰው ኋላ ቆሞ ኳሷን የሚያነሣው ደሚ ሃፍ ይባላል፤ ሥራው አብዛኛውን ጊዜ የ9 ቁጥሩ፣ ማለትም የሁከሩ ነው። 7 ቁጥር የሚለብሰው ስክረም ሃፍ ደግሞ ከእሱ ተቀብሎ ጨዋታውን ያደራጃል፤ ማን መቼ እንደሚሮጥ፣ ኳሱ መቼ እንደሚመታ የሚወስን እሱ ነው። ከእግር ኳስ የሚለየው ትልቁ ነገር የቅያሪ ሕጉ ነው። የወጣ ተጫዋች አርፎ ተመልሶ መግባት ይችላል። የቅያሪው ቁጥር ግን የተወሰነ ነው፤ በእንግሊዙ ሱፐር ሊግ ከ2019 ጀምሮ በአንድ ጨዋታ ስምንት ሆኗል። የሁለገቡ ተጫዋች ዋጋ የሚገኘውም በአሥሩ ሜትር ሕግና በቅያሪው ሕግ መገናኛ ላይ ነው። ወደዚያ እመለሳለሁ።

በሮው ቁመቱ 1 ሜትር ከ65 ሲሆን ክብደቱ 70 ኪሎ አይሞላም ነበር። ፊት ለፊት የሚጋጠሙት ፕሮፖች ከ100 ኪሎ በላይ በሚመዝኑበት ስፖርት ይህ የሚያስገርም ነው። ሱፐር ሊግ ውስጥ ከእሱ ያነሰ ሰው የለም ይባል ነበር። ለሊድስ ዋና ቡድን የተሰለፈው በ2001 ነው፤ እስከ 2017 ድረስም ለሌላ ክለብ አልተጫወተም። በ2003 የሱፐር ሊጉ የዓመቱ ምርጥ ወጣት ተጫዋች ተባለ። በ2004 ሊድስ ከ32 ዓመት በኋላ የመጀመሪያውን ሻምፒዮንነት አገኘ። በ2007 የፍጻሜው ጨዋታ ሴንት ሄለንስን 33 ለ 6 ሲረቱ የጨዋታው ምርጥ ተጫዋች የሚሸለመውን የሃሪ ሰንደርላንድ ዋንጫ የወሰደው በሮው ነበር። በዚያው መኸር ታላቋ ብሪታንያ ኒውዚላንድን 3 ለ 0 ባሸነፈችበት የሦስት ጨዋታ ውድድርም ከሁሉ በልጦ ተመረጠ። ዕድሜው 25 ነው። በዚያን ጊዜ ማንም ቢጠየቅ ይህ ልጅ እስከ ጡረታው ድረስ የሊድስ ስክረም ሃፍ ሆኖ ይቀራል ባለ ነበር።

እንዲያ አልሆነም። ሊድስ በአደራጅ ተጫዋች የታደለ ቡድን ነበር። ዳኒ ማክጓየር ነበረ፤ አምበሉ ኬቨን ሲንፊልድ ነበረ፤ በሁከር ቦታ ደግሞ ከኒውካስል የመጣው አውስትራሊያዊ ዳኒ ቡደረስ ነበረ። በ2011 ብራያን ማክደርሞት አሰልጣኝ ሲሆን በሮው ቀስ በቀስ ከመጀመሪያ ተሰላፊነት ወደ ወንበር ወረደ። ሲገባም ብዙውን ጊዜ የሚገባው በሁከር ቦታ ነው። ለአንድ የብሔራዊ ቡድን ስክረም ሃፍ ይህ በወረቀት ላይ ከደረጃ ዝቅ ማለት ነው፤ የመጀመሪያው 13 ውስጥ የለህም፣ ቡድኑን የምትመራውም አንተ አይደለህም፣ ጨዋታው ሲጀመር ጃኬት ለብሰህ ትቀመጣለህ።

መስከረም ሲጠባ የሊድስ ውጤት አስደሳች አልነበረም። በሰንጠረዡ አምስተኛ ሆነው ጨረሱ፤ በቻሌንጅ ካፕ ፍጻሜ ደግሞ በዊጋን ተሸንፈው ነበር። ሆኖም ሻምፒዮኑ የሚለየው ከሰንጠረዡ በኋላ በሚደረግ ማጣሪያ ስለሆነ፣ በእሱ አልፈው ጥቅምት 8 ቀን 2011 ማንቸስተር ኦልድ ትራፎርድ ላይ ከሴንት ሄለንስ ጋር ለፍጻሜ ቀረቡ። በሮው ወንበር ላይ ነው።

ያን ቀን የሆነውን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። በሮው በመጀመሪያው አጋማሽ ተቀይሮ ገባ። መሃል ሜዳ አካባቢ ኳስ ሲቀበል ፊቱ የተከላካዮች ግድግዳ አለ። አንድ ተከላካይ ክንዱን ዘርግቶ ሊይዘው መጣ። በሮው አልዘለለም፣ አልዞረም፤ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ በክንዱ ሥር አለፈ። ሌላ ተጫዋች እንዲያ ቢያደርግ ሚዛኑን ስቶ ይወድቃል፤ የእሱ ቁመት ግን ከመሬቱ ጋር ቅርብ ስለሆነ እግሩ ሩጫውን አላቋረጠም። ከዚያ በኋላ የቀረው የመጨረሻው ተከላካይ፣ ፉልባኩ ፖል ዌለንስ ነበር። በዚያ ዘመን ከእንግሊዝ ምርጥ ፉልባኮች አንዱ ነው። በሮው ፍጥነቱን ሳይቀንስ አንድ ጊዜ ወደ ጎን ረገጠ፤ ዌለንስ ቀረ፤ ኳሷ ከመስመሩ ማዶ ተቀመጠች። ብዙ የስፖርቱ ተከታዮች በፍጻሜ ጨዋታዎች ታሪክ ከተቆጠሩት ትራዮች (ኳሷን ከመስመሩ ማዶ መሬት በማስነካት ከሚገኙ ግቦች) ሁሉ የላቀው እሱ ነው ይላሉ። እኔም አብሬያቸው ነኝ።

በሁለተኛው አጋማሽ ሴንት ሄለንስ 16 ለ 8 መሩ። ከዚያ በኋላ ሊድስ ያለ ምላሽ 24 ነጥብ አስቆጥሮ 32 ለ 16 አሸነፈ። በዚህ የመጨረሻ ምዕራፍም የበሮው ሩጫ መንገድ ከፋች ነበር። የሃሪ ሰንደርላንድን ዋንጫ የሚመርጡት ጋዜጠኞች በአንድ ድምፅ እሱን መረጡት። ከወንበር ተነሥቶ የገባ ሰው ነው፤ አንድም ድምፅ ለሌላ አልሄደም።

ለምን ሊሆን ቻለ? መልሱ ያው አሥር ሜትር ነው። ጨዋታው በተጀመረ በሃያ፣ በሃያ አምስት ደቂቃ ውስጥ መሃል ሜዳ ያሉት ግዙፎች በአንድ ነገር ይደክማሉ፤ ሰው መጣል ብቻ ሳይሆን፣ ከጣሉ በኋላ ተነሥተው አሥር ሜትር ወደ ኋላ መሮጥ፣ ከዚያ እንደገና ወደፊት መውጣት። በእያንዳንዷ ዙር አንዲት እርምጃ ይዘገያሉ። በሮው የሚገባው በትክክል ያን ጊዜ ነው። ከደሚ ሃፍ ቦታ ኳሷን አንሥቶ ገና በማፈግፈግ ላይ ባለው ሰው ላይ ይሮጣል። 110 ኪሎ የሚመዝን ሰው ጀርባውን ገና ሳያዞር በጉልበቱ አጠገብ የሚያልፍ ሰው ሊይዝ አይችልም። ጨዋታውን ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ቢጫወት ኖሮ ተከላካዮቹ ትኩስ ሆነው ያገኙታል፤ እሱም አብሯቸው ይደክማል። ወንበሩ ለበሮው ምርጡን ሰዓት የሚመርጥለት መሣሪያ ሆነ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሁለገብነቱ ጭምር ይሠራል። በሮው የተለመደ ሁከር አይደለም፤ ሁከር ሆኖ የሚጫወት ስክረም ሃፍ ነው። የተለመደው ሁከር ኳሷን አንሥቶ በፍጥነትና በትክክል ያቀብላል፣ አንዳንዴ ይሮጣል። በሮው ግን ኳሷን ሲያነሣ ሜዳውን የሚያየው በአደራጅ ዓይን ነው፤ የተከላካዮቹ መስመር የቱ ጋ እንደሳሳ ለማየት አንድ ቅብብል መጠበቅ አያስፈልገውም። ከሁለት ቦታ የተማረውን በአንድ ቦታ ላይ አዋለው። የሱፐር ሊጉ የዓመቱ ምርጥ ቡድን ሲመረጥ ቀድሞ በስክረም ሃፍነት፣ በ2011 ደግሞ በሁከርነት መካተቱ የዚህ ምስክር ነው። ቀዳዳ ደፋኝ የሚባል ሰው በሁለት ቦታ ከሊጉ ሁሉ አይበልጥም።

ሊድስ ለእግር ኳሱም ዓለም የዚህ ዓይነት ሰው ሰጥታለች። የከተማዋ ልጅ ጀምስ ሚልነር በ2016/17 የውድድር ዘመን ለሊቨርፑል የግራ ተከላካይ ሆኖ ሲጫወት ያዩ ሁሉ፣ አንድ አማካይ የአማካይነት ዕውቀቱን ይዞ ወደ ሌላ ቦታ ሲሄድ ቦታው ራሱ እንደሚለወጥ ያስታውሳሉ።

ሊድስ በ2012 እንደገና ከአምስተኛ ደረጃ ተነሥቶ ዋንጫውን ወሰደ። በ2015 ሦስቱንም የሀገር ውስጥ ክብሮች ጠቀለለ። በሮው በ2017 ካስልፎርድን 24 ለ 6 ባሸነፉበት ፍጻሜ ሲሰናበት ስምንት የሱፐር ሊግ ሻምፒዮንነት፣ ሁለት ቻሌንጅ ካፕ፣ ሦስት የዓለም ክለቦች ዋንጫና ከ490 በላይ ጨዋታዎች ነበሩት። በሁከር ቦታ በሚጫወትባቸው በእነዚያ ዓመታት በማሊያው ላይ ያለው ቁጥር 7 ነበር። ሱፐር ሊግ ተጫዋቹ ዓመቱን ሙሉ አንድ ቁጥር እንዲይዝ ስለሚያደርግ፣ የሁከር ሥራ የሚሠራው ሰው ጀርባው ላይ የስክረም ሃፍ ቁጥር ነበረው። ኋላ ጓደኛው ሲንፊልድ ለእሱ ብሎ ሲሮጥ ሰባት ማራቶን በሰባት ቀን ያደረገው በዚህ ቁጥር ምክንያት ነው። ሕዝቡ ዛሬም 7 ቁጥሩ እያለ ያስታውሰዋል። የሁለገብ ተጫዋች ዕጣ ይህ ነው፤ ታላቁን ሥራ በሌላ ቦታ ቢሠራም የሚታወሰው በመጀመሪያው ነው።

ሁለገብነት ዋጋ እንደሚያስከፍልም መነገር አለበት። አንዱ ዋጋ የታወቀ ነው። ቋሚ ቦታ የሌለው ተጫዋች በብሔራዊ ቡድን ምርጫ ጊዜ በሁለት ወንበር መሃል ይወድቃል፤ አሰልጣኞች በየቦታው ባለሙያውን ያስቀድማሉ። ሁለተኛው ዋጋ ግን በቂ ትኩረት አላገኘም፤ እሱም አካሉ ላይ የሚጫነው ሸክም ነው። ስክረም ሃፍ ከመሃሉ ራቅ ብሎ ይከላከላል። ሁከር የሚከላከለው ግዙፎቹ በሙሉ ፍጥነት በሚሮጡበት መሃል ላይ ሆኖ ነው፤ ከቡድኑ ሁሉ ብዙ ሰው የሚጥለው ብዙውን ጊዜ እሱ ነው። 70 ኪሎ የማይሞላ ሰው ከ7 ቁጥር ቦታ ወደ 9 ሲዛወር የሚቀየረው የሥራ ድርሻው ብቻ አይደለም፤ በየደቂቃው የሚገጥመው ግጭት ቁጥርም ይቀየራል። በወረቀት ላይ ግን የተጫወተው ደቂቃ ቀነሰ ተብሎ ይመዘገባል፤ ሸክሙ የቀለለት ይመስላል።

በሮው በታኅሣሥ 2019፣ ጫማውን ከሰቀለ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሞተር ኒውሮን የተባለው በሽታ እንዳለበት ተነገረው። ከአንጎል ወደ ጡንቻ ትእዛዝ የሚያደርሱት ነርቮች እየሞቱ የሚሄዱበት፣ ፈውስ ያልተገኘለት በሽታ ነው፤ ሳይንቲስቱ ስቲቨን ሆኪንግ የታመመው ከዚሁ ወገን በሆነ ሕመም ነበር። በሽታው መጀመሪያ ድምፁን፣ ቀጥሎ እጅና እግሩን ወሰደበት። በጥር 2020 ሄዲንግሊ ስታዲየም ሞልቶ ሳለ ለመጨረሻዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ከወንበር ተነሥቶ ገባ። የመጨረሻውንም ጨዋታ ተቀይሮ ነበር የገባው። ሲንፊልድ በተከታታይ ዓመታት ባደረጋቸው ሩጫዎች ከ10 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ለበሽታው ሕሙማንና ምርምር ተሰብስቧል። በግንቦት 2023 በሊድስ ማራቶን የበሮውን ተሽከርካሪ ወንበር እየገፋ ሙሉውን ርቀት ሮጦ፣ መጨረሻው መስመር ላይ ሲደርስ ጓደኛውን በእጆቹ ታቅፎ አሻገረው። በስሙ የሚጠራው፣ 6.8 ሚሊዮን ፓውንድ የተሰበሰበለት የሕክምና ማዕከል ግንባታ የተጀመረው እሱ ባረፈ በማግስቱ፣ ሰኔ 3 ቀን 2024 ነው።

ጨዋታው ለሕመሙ ምክንያት ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ሁሌ ይነሣል። እዚህ ላይ ከመረጃው አልፎ መናገር አይገባም። በ2022 የታተመ የግላስጎው ተመራማሪዎች ጥናት 412 የቀድሞ የስኮትላንድ ብሔራዊ ቡድን ተጫዋቾችን ከሌላው ሕዝብ ጋር አነጻጽሮ፣ በሞተር ኒውሮን የመያዝ ዕድላቸው 15 እጥፍ ገደማ ሆኖ አግኝቶታል። ጥናቱ የተደረገው በራግቢ ዩኒየን ላይ ነው፤ በሽታው ብርቅ ስለሆነ ከመቶዎቹ መካከል የታመሙት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ውርስም ሌላም ነገር ሊኖር ይችላል። ስለ አንድ ሰው፣ ስለ በሮውም ቢሆን፣ ይህ ነው ምክንያቱ ማለት አይቻልም። ግን ቸል ለማለትም አይቻልም። ከ2024 ጀምሮ በሱፐር ሊግ የግጭትን ኃይል የሚለካ የጥርስ መከላከያ ሥራ ላይ መዋሉ ስፖርቱ ራሱ ጉዳዩን እንደተቀበለ ያሳያል።

ወደ ስድስቱ ወንበር ስመለስ፣ እኔ ከብዙዎቹ ስጋት ተቃራኒውን ነው የማየው። ወንበሩ አራት ሲሆን ሁለገቡ ሰው የመድን ዋስትና ነበር፤ አሰልጣኙ ሌላ ሰው ይጎዳ ይሆን እያለ ይቆጥበዋል፣ ሰው ሲጎዳም በአምስት ደቂቃ ማስጠንቀቂያ ወደማያውቀው ቦታ ይወረውረዋል። ወንበሩ ስድስት ሲሆን ያን ሥራ ሌላው ይሠራለታል። ያኔ ሁለገቡ የሚገባው ሰው ስለጠፋ ሳይሆን ሰዓቱ ስለደረሰ ይሆናል፤ ማክደርሞት በሮውን እንደተጠቀመበት። ከአራቱ ውጭ የሚቀረው በሁለት ቦታ መካከለኛ የሆነው ተጫዋች እንጂ በሁለት ቦታ ምርጥ የሆነው አይደለም።

ለዚህ ግን ክለቦች ሁለት ልማዳቸውን መተው አለባቸው። ኮንትራት ሲፈራረሙ ደመወዝን በመጀመሪያ ተሰላፊነት መመዘን አንዱ ነው፤ የ2011ዱ ፍጻሜ በዚያ ሚዛን ቢለካ በሮው ከተሰላፊዎቹ ሁሉ በታች ነበር። ሌላው ደግሞ ሸክምን በደቂቃ ብቻ መቁጠር ነው። አሁን የግጭት መለኪያው በተጫዋቹ አፍ ውስጥ አለ። ከ7 ቁጥር ቦታ ወደ 9 የሚዘዋወረው ተጫዋች በየቦታው ስንት ጊዜ፣ በምን ያህል ኃይል እንደተመታ ለይቶ መዝግቦ፣ ዕረፍቱንና ቀጣይ ልምምዱን በዚያ ላይ መወሰን ይቻላል፤ ይህን ለማድረግ አዲስ መሣሪያም አዲስ ሕግም አያስፈልግም።